የጋሪ ፈረስ ሰኮና ሲግል፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (ከዓባይ ማዶ)፦ ፈረሴ ሌሊት ተፈትቶ ከገብስ ጆንያ ሲበላ አደረ። በማግስቱ የፊት እግሮቹን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ ክብደቱን ወደ ኋላ ጥሎ ቆመ። መድኃኒት ሻጩ ዴክሳሜታዞን ይወጋ ይላል። ላስወጋው?

መልስ፦ እባክዎ አያስወጉት። የነገሩኝ አቋቋም የላሚናይቲስ ነው፤ ሰኮናውን ከውስጥ አጥንቱ ጋር የሚያያይዘው ሕብረ ሕዋስ ተቆጥቷል። ዴክሳሜታዞን ስቴሮይድ የሚባል ዓይነት መድኃኒት ነው፤ ቁጣን ያበርዳል፤ ነገር ግን ይህንኑ ሕመም ሊቀሰቅስና ሊያባብስ ይችላል። ሐኪሞች የሚመርጡት ስቴሮይድ ያልሆኑትን ቁጣ ማብረጃዎች፣ በተለይ ፌኒልቡታዞንን ወይም ፍሉኒክሲንን ነው። የፍሉኒክሲን መጠን በኪሎ ግራም 1.1 ሚሊ ግራም ስለሆነ፣ 250 ኪሎ ለሚመዝን ፈረስ 275 ሚሊ ግራም ይሆናል። በውጭ ጽሑፎች ምሳሌ የሚሆነው ፈረስ ብዙውን ጊዜ 500 ኪሎ ነው፤ የእኛውን ምስኪን በዚያ ልክ መውጋት እጥፍ መስጠት ነው። የፌኒልቡታዞን መርፌ ደግሞ በደም ሥር ብቻ ይሰጣል፤ ወደ ጎን ከፈሰሰ ሥጋውን ይጎዳል። ስለዚህ ሐኪም ይውጋው። የበላው ገብስም ሆዱን እንዳይጎዳው ዛሬውኑ ይታይ።

ጥያቄ፦ ፌኒልቡታዞንንና ፍሉኒክሲንን አንድ ላይ ብሰጠውስ?

መልስ፦ በፍጹም። ሕመሙን አብልጦ መቀነሱ እርግጠኛ አይደለም፤ የጨጓራ ቁስል፣ የአንጀትና የኩላሊት ጉዳት ግን ይጨምራል። ውሃ የጠማው ፈረስ በቶሎ ይጎዳል፤ ባልዲው አይጉደልበት።

ጥያቄ (ከሽምብጥ)፦ ጣና ዳር ውሃ ውስጥ ባቆመው ይሻለዋል?

መልስ፦ ቅዝቃዜ ትልቅ ነገር ነው፤ የሐይቁ ውሃ ግን በቂ አይቀዘቅዝም፤ መንገዱም ይጎዳዋል። ባለበት ይቁም። ከዓሣ ነጋዴዎች በረዶ ይጠይቁና ከውሃ ጋር በጠንካራ ፌስታል አድርገው እስከ ጉልበቱ ሥር ያልብሱት። የሚጠቅመው ሕመሙ ገና ሲጀምር፣ ሳይቋረጥ ለ48 ሰዓት ያህል ሲደረግ ነው። የሚቆምበትም አሸዋ ወይም ወፍራም ጭድ ይሁን።

ጥያቄ፦ መድኃኒቱን ከጀመረ ወዲህ ደህና ይራመዳል። የልጆቼ እንጀራ ከእሱ ነው፤ ልጠምደው?

መልስ፦ ችግርዎ ይገባኛል፤ ቢሆንም አይጥመዱት። መድኃኒቱ ሕመሙን ሸፈነለት እንጂ የላላውን የሰኮናና የአጥንት ማያያዣ አልጠገነም። አሁን ጋሪ ከጎተተ አጥንቱ ዞሮ የሰኮናውን ወለል ሊበሳ ይችላል፤ ያን ጊዜ ፈረሱም እንጀራውም ይሄዳሉ። መድኃኒቱ ተቋርጦ፣ ያለ እሱ በደህና መራመዱን ሐኪም እስኪያረጋግጥ ሳምንታት ይረፍ።

ጥያቄ (ከዘንዘልማ)፦ ባዝራዬ ከወለደች ግማሽ ቀን ሆናት፤ እንግዴ ልጁ አልወጣም። ሰኮናዋን ይነካል?

መልስ፦ ይነካል። ከ3 ሰዓት በላይ ከቆየ በማሕፀን የሚፈጠረው መርዝ በደም እስከ ሰኮና ይደርሳል። በእጅዎ አይጎትቱት፤ አሁኑኑ ሐኪም ይጥሩ።