«ኢንጂነሩ» መባሌ ከቀረ እኔ ማን ልሆን ነው?

እትዬ እንዴት ነዎት፣ ቤተሰብ ሰላም ነው? እኔ ኮምቦልቻ ነኝ፣ 41 ዓመቴ ነው፣ ስሜን ይተዉት ከተማው ትንሽ ነው ቶሎ ይታወቃል። ከወጣትነቴ ጀምሮ ፋብሪካ ውስጥ ጥገና ነው የምሰራው። ዲግሪ የለኝም ግን ሰው ሁሉ «ኢንጂነሩ» ነው የሚለኝ፣ እውነቱን ለመናገር ስሰማው ደስ ይለኛል። ማሽን ሲያስቸግር ቆሜ አዳምጬ «እዚህ ጋ ነው» ካልኩ አለቀ፣ ሌላ ሰው አይጠየቅም።

አሁን አንዲት ልጅ ተቀጠረች፣ ገና ከዩኒቨርስቲ መውጣቷ ነው፣ ቫይብሬሽን፣ የማሽኑን ንዝረት ማለት ነው፣ የምትለካበት እቃ ይዛ ትዞራለች። ባለፈው አንድ ሞተር ላይ ለክታ «ቤሪንጉ ሊሄድ ነው» አለች፣ የሞተሩን ዘንግ ይዞ የሚያሽከረክረው ቀለበት ሊበላሽ ነው ማለቷ ነው፣ እኔ ጆሮዬን አስጠግቼ ሰማሁት ምንም የለውም፣ «አንቺ ልጅ ይሄ እኮ ላፕቶፕ አይደለም» ስላት ሰው ሁሉ ሳቀ። ከዛ ተፈታ። የቤሪንጉ የውስጥ ቀለበት ላይ ጤፍ የምታክል ልጣጭ ተነስታለች። ያኔ የሚስቅ ጠፋ።

ባለቤቴ ታዝንልኛለች ብዬ ብነግራት እሷ ሆዬ ሽንኩርት እየከተፈች ቀና እንኳን ሳትል «አንተ እኮ ማወቁን ሳይሆን አዋቂ መባሉን ነው የምትወደው» አለችኝ። ከዛ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ሌላውም ነገር ተነካካብኝ፣ «ወንድ ልጅ አይጠይቅም» የምለው፣ «የዛሬ ልጆች ስራ አይችሉም» የምለው፣ ስለ ዘር ስለ ሃይማኖት እንዲሁ ይዤው የኖርኩት ሁሉ ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ዩቲዩብ ላይ ደግሞ አንዱ «ማንነትህን ጣል ያኔ ጥበብ ይመጣል» ይላል። ሁሉን ጥዬ ምን ልቀር ነው? ጓደኞቼስ አቋም የለሽ አይሉኝም?

መልስ

ወንድሜ፣ ደህና ነኝ አልሃምዱሊላህ። ለባለቤትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ፣ እኔ ልጽፍልህ ከምችለው ግማሹን እሷ ሽንኩርት እየከተፈች ጨርሳዋለች።

ጆሮህ አልዋሸህም፣ ዘገየ እንጂ። ቤሪንግ መጎዳት ሲጀምር መጀመሪያ የሚመጣው የሰው ጆሮ የማይደርስበት ረቂቅ ንዝረት ነው፣ አንተ የምትሰማው ድምፅና በእጅህ የምትዳስሰው ሙቀት የሚመጣው ቆይቶ ነው፣ ያኔ ደግሞ ጉዳቱ ርቆ ሄዷል። ስለዚህ «ማሽን በጆሮ ይታወቃል» ብለህ ማመንህ ትክክል ነው፣ ግን እስከሆነ ቦታ ድረስ ነው። ያቺን ድንበር ለምን ሳታያት ቀረህ ብትለኝ፣ ነገሩ ስለ ሞተር መሆኑ ከቀረ ስለቆየ ነው። ስለ አንተ ሆነ። ሀሳቡን የነካ ሁሉ አንተን የነካ መሰለህና ልጅቷ ሞተሩን ስትለካ አንተን የለካች ያህል ቆጠርከው።

ይሄ ደግሞ ባንተ አልተጀመረም። ኢማም አል ገዛሊ ባግዳድ ኒዛሚያ በሚባለው ትልቅ ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ፣ በዘመኑ ትልቅ ስም የነበራቸው የእስልምና ሊቅ ናቸው። 37 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው፣ በፈረንጅ 1095 ነው፣ የማስተምረው ለምንድነው ብለው ራሳቸውን ቢፈትሹ ከስሩ ያገኙት ክብርና ዝና ፈላጊነት ሆነ። ምላሳቸው ተሳስሮ ማስተማር አቃታቸው። ወንበሩን ትተው ወጡ፣ ደማስቆ፣ እየሩሳሌም፣ ሐጅ፣ አስር ዓመት ያህል ከቆዩ በኋላ ኒሻፑር ላይ ተመልሰው አስተማሩ። ተመልሰው ማስተማራቸውን ልብ በልልኝ፣ እውቀታቸውን አልጣሉትም፣ የጣሉት በእውቀቱ የሚፈልጉትን ነገር ነው። እሳቸውን የሚያህል ሰው አስር ዓመት ከፈጀበት ያንተ ጥቂት ሌሊት እንቅልፍ ማጣት ብዙም አያስደነግጠኝም፣ ይቅርታ አድርግልኝና።

ደግሞ የተሸነፈ ሰው ሁሉ ተለወጠ ማለት አይደለም። እኛ ደሴዎች ይሄን ከማንም በላይ እናውቃለን፣ የሃይማኖት ጉባኤው የተደረገበት ቦሩ ሜዳ እዚሁ አፍንጫችን ስር ነው። በ1870 ዓ.ም በአፄ ዮሐንስ ትእዛዝ የወሎው መሪ መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፣ ኋላ ደሴ ላይ የአይጠየፍን አዳራሽ ያሰሩት ንጉሥ ሚካኤል ማለት ናቸው። ስም በአዋጅ ይቀየራል፣ የሰው ልብ ግን በአዋጅ አይመረመርም፣ ከዛ ጉባኤ በኋላ ስንት የወሎ ሰው ቀን ሌላ ማታ ሌላ ሆኖ ኖሯል። አንተም አለቃህ ከልጅቷ ጋር ቢቆምና ለእሱ ብለህ ብቻ «እሺ» ብትል እንደዛው ነው፣ ውስጥህ ቂም ይዞ ይቀመጣል።

ያ የዩቲዩቡን ሰውዬ ተወው አቦ። ማንነቱን ጣልኩ ብሎ ካሜራ ፊት የሚቀመጥ ሰው አዲስ ማንነት አግኝቷል፣ «ማንነቱን የጣለው» የሚባል። አንተም ነገ «እኔ ኩራቴን የተውኩ ሰው ነኝ» እያልክ ሻይ ቤት ለሻይ ቤት እንዳትዞር፣ እሱም ያው ኢንጂነሩ ነው ልብስ ቀይሮ። ወሎዬነትህን፣ ሃይማኖትህን፣ አባትነትህን ማን ጣል አለህ? ሲጠየቁ የማትቆጣባቸው ይሁኑ፣ ይበቃል። ስለ ዘር የያዝከውን ግን ብትፈትሸው ደስ ይለኛል፣ ከማን እንደሰማኸው ማስታወስ ካቃተህ ደግሞ ከሁሉም ቀድመህ እሱን።

አቋም የለሽ ላልከው፣ ከደሴ ጋቢ ተከናንቦ በሐረጎ የወረደ ሰው ኮምቦልቻ ሲደርስ ጋቢውን ቢያወልቅ ማን ነው አቋም የለሽ የሚለው? ከ500 ሜትር በላይ ነው የወረደው፣ አየሩ ሌላ ነው። አቋም ማለት የሰው ሀቅ አለመብላት፣ የደከመ ላይ አለመሳቅ ነው እንጂ ስለ ቤሪንግ ትናንት ያልከውን ዛሬም ማለት አይደለም። ጓደኞችህ ትንሽ ይስቁብሃል፣ ከዛ ሌላ ወሬ ያገኛሉ፣ ኮምቦልቻ ወሬ አያጣም።

አሁን የምታደርገውን ልንገርህ። የሚጠረጠር ሞተር ሲኖር ሳይፈታ በፊት አንተ በጆሮህ የሰማኸውን እሷም የለካችውን ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ከዛ ፈታችሁ እዩ። የላላ የማሽን ቀበቶ ወይ የላላ ብሎን ላይ አንተ ቀድመህ የምትይዝበት ቀን አይጠፋም፣ ያኔ ለእሷም አስተምራት። በሳቁ ጉዳይ ደግሞ ይቅርታ በላት፣ መለኪያውም እንዴት እንደሚነበብ እንድታሳይህ ጠይቃት። የሳቁት ሰዎች ባሉበት ይሁን ግን፣ ስቶር ጀርባ ወስደህ አይደለም።