«አሁን ምን እያነበብክ ነው?» ለምትሉኝ ሁሉ

ጥያቄው ሲደጋገም ለየሰዉ ለየብቻ ከምመልስ ሁሉንም ባንዴ ልጨርሰው ብዬ ነው። የንባብ ማኅበራችን አባላትና ወዳጆቻችሁ የላካችሁትን አሳጥሬ፣ መልሴን አስከትዬ አስቀምጫለሁ። አንዳንዱን በሁለት መስመር አልፌዋለሁ፤ አትቀየሙኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ዙሪያ ጥምጥም ሳትሄድ ንገረን። አሁን ትራስህ አጠገብ ያለው መጽሐፍ ምንድን ነው?

መልስ፦ ሁለት ናቸው። የራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ «ካየሁት ከማስታውሰው» እና የሐዲስ ዓለማየሁ «ትዝታ»። አንዱን ጨርሼ ወደ ሌላው አይደለም የምሄደው። ከዚህ ጥቂት፣ ከዚያ ጥቂት እያልኩ ነው።

ምክንያት አለኝ። ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. ስትወርር ራስ እምሩ የጎጃም ገዥ ነበሩ። ጦራቸውን ይዘው ወደ ሽሬ ዘመቱ። ሐዲስ ያኔ ገና ወጣት አስተማሪ ናቸው፤ እሳቸውም ከዚያው ጦር ጋር ወጡ። ስለዚህ አንድን ዘመቻ ከሁለት ቦታ ሆነህ ታየዋለህ። አንዱ አዛዥ ነው። ሌላው ከሰልፉ መሀል ያለ ሰው ነው። በታኅሣሥ 1928 የራስ እምሩ ጦር ደምበጉና ላይ የጠላትን ታንኮች ድል አድርጎ ነበር። በዚያው ወር ተከዜ ላይ ከአውሮፕላን የመርዝ ጋዝ ወረደበት። በየካቲት ደግሞ ሽሬ ላይ ተሸነፈ። ከድል እስከ ሽንፈት ሦስት ወር እንኳ አልሞላም። ይህን ቀን ከታሪክ መማሪያ መጽሐፍም ታገኘዋለህ። ሰውየው በዚያ መሀል ምን እንዳሰበ ግን እዚያ አታገኝም።

ከዚያ በኋላ ያለው ይበልጥ ያዘኝ። ራስ እምሩ ወደ ምዕራብ አፈግፍገው ጥቁር አንበሳ ከሚባለው የአርበኞች ጦር ጋር ተቀላቀሉ። በታኅሣሥ 1929 ጎጀብ ወንዝ አካባቢ እጅ ለመስጠት ተገደዱ። ኢጣሊያ ተወስደው ፖንዛ በምትባል ትንሽ ደሴት ታሰሩ። ሐዲስም ተማርከው ለዓመታት ኢጣሊያ ቆይተዋል። አሁን የታሪክን ቀልድ ስሙ፦ ሙሶሊኒ በሐምሌ 1935 ከሥልጣን ሲወርድ መጀመሪያ ከተጋዘባቸው ቦታዎች አንዷ ይህችው ፖንዛ ናት። ያረፈውም ራስ እምሩ ታስረውበት በነበረው ቤት ነው። ልብ ወለድ ውስጥ ቢጻፍ «ደራሲው አበዛው» እንል ነበር።

ጥያቄ፦ ሁለት መጽሐፍ ባንዴ ማንበብ ግራ አያጋባም? እኔ አንዱንም በቅጡ አልጨርስ።

መልስ፦ የማይገናኙ ሁለት ከሆኑ ያጋባል። ስለ አንድ ነገር የሚያወሩ ሁለት ከሆኑ ግን አንዱ ሌላውን ይጎትታል። የትዝታ መጽሐፍ ብቻውን ሲነበብ ተራኪው ሁልጊዜ ልክ ነው። እውነቱን ለመናገር አብዛኞቹ የእኛ ሰዎች የሕይወት ታሪኮች ላይ ባለታሪኩ ተሳስቶ አያውቅም! ሌላ ምስክር አጠገቡ ስታስቀምጥ ነው ነገሩ የሚጠራው። አንዱ በሦስት ገጽ የተረከውን ሌላው በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲያልፈው ታያለህ። ለምን አለፈው? ብለህ ትጠይቃለህ። እኔን ገጽ የሚያስገልጠኝ ይኼ ጥያቄ ነው።

ጥያቄ፦ በዚሁ በአምስቱ ዓመት ጦርነት ላይ ሦስተኛ ብትጨምርልን? የውጭ ሰው የጻፈው ቢሆን ደስ ይለኛል።

መልስ፦ «የሀበሻ ጀብዱ»ን ያዝ። ጸሐፊው አዶልፍ ፓርለሳክ የሚባል የቼክ ሰው ነው። በሰሜን ግንባር ከራስ ካሣ ጦር ጋር ነበር። ተጫነ ጆብሬ መኮንን በቀጥታ ከቼክኛ መልሶታል። ፓርለሳክ ወሬኛ ነው፤ በጥሩ ጎኑ። ሳቅ አለው፣ ቁጣ አለው። አልፎ አልፎ ማጋነኑ አይቀርም ብዬ እጠረጥራለሁ። ቢሆንም ባዶ እግሩን የዘመተውን ገበሬ በፍቅር ነው የሚያየው። ከራስ እምሩ ቁጥብ አነጋገር ጋር ስታነበው ደግሞ ልዩነቱ ራሱ ያዝናናል።

ጥያቄ፦ ከዚያ ዘመን በሴት የተጻፈ ነገር አለ? ወይስ ጦርነቱ የወንዶች ብቻ ነበር?

መልስ፦ ስንዱ ገብሩን ፈልጊ። ከጥቁር አንበሳ ጋር ነበሩ፤ ተማርከውም ኢጣሊያ ታስረዋል። ከነጻነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን መሩ። ከዚያ ፓርላማ ገቡ፤ የመጀመሪያዋ ሴት እንደራሴ እሳቸው ናቸው። «የልቤ መጽሐፍ» በ1942 ዓ.ም. የታተመ ሥራቸው ነው። ገበያ ላይ እንደ ልብ አይገኝም። አዲስ አበባ ካለሽ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ወመዘክር፣ ሄደሽ ጠይቂ። እንደገና ታትሞ በየመደብሩ አለመደርደሩ ለእኔ ያሳዝነኛል። ስንቱ እርባና ቢስ በሚታተምበት አገር!

ጥያቄ፦ ልብ ወለድ ተውክ ማለት ነው?

መልስ፦ ማን ተወ? «ኦሮማይ»ን እንደገና ጀምሬያለሁ። በ2017 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ ከወጣ ወዲህ ልጆቹ ሁሉ ስለሱ ያወራሉ። እኔም ወደ አማርኛው ተመለስኩ። ላላነበባችሁት፦ ጋዜጠኛው ጸጋዬ ኃይለማርያም አዲስ አበባ ላይ እጮኛውን ትቶ ደርግ ኤርትራ ውስጥ በአማፅያን ላይ ለከፈተው የቀይ ኮከብ ዘመቻ አስመራ ይሄዳል። እዚያ ከፊያሜታ ጊላይ ጋር ይገናኛል። ከዚያ ወዲያ ያለውን አልነግራችሁም። መጽሐፉ በ1975 ታተመ፤ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ። በዓሉ ግርማ ከሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ።

ይህ የደራሲው ዕጣ መጽሐፉን ጋርዶታል ባይ ነኝ። ሁላችንም የምናነበው «ማንን ሰደበ? ይኼኛው ገጸ ባሕርይ የትኛው ባለሥልጣን ነው?» እያልን ነው። በዚህኛው ዙር እሱን ተውኩት። አስመራን ነው የማየው። መንገዱን፣ ቡና ቤቱን፣ ማታ ማታ ሰው የሚተያይበትን ዓይን። ሰላይ ባይኖርበት እንኳ የከተማ ልብ ወለድ ሆኖ ይቆም ነበር።

ጥያቄ፦ የአብዮቱን ዘመንስ እንዴት አጣምራለሁ? ቤተሰቤ ስለዚያ ጊዜ ማውራት አይወድም።

መልስ፦ የብርሃኑ ዘሪሁንን «ማዕበል» ከሕይወት ተፈራ «ማማ በሰማይ» ጋር። «ማዕበል» ሦስት ክፍል ነው፤ የአብዮት ዋዜማ፣ መባቻና ማግስት። የመጀመሪያው ክፍል የወሎን ረሃብ ይዞ ይነሳል። ሕይወት ደግሞ የኢሕአፓ አባል ሆና ያየችውንና የታሰረችበትን በራሷ አንደበት ታወራለች። የፍቅር ታሪክም ነው፤ ከጌታቸው ማሩ ጋር የነበራት። መጀመሪያ ልብ ወለዱን፣ ቀጥሎ የእሷን ብታነቢ ይሻላል። የእሷን ካስቀደምሽ ልብ ወለዱ ሊቀዘቅዝብሽ ይችላል። ስትጨርሺ መጽሐፉን ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ተይው። አንዳንዴ ወላጅ ተጠይቆ የማያወራውን የመጽሐፍ ሽፋን አይቶ ይጀምራል።

ጥያቄ፦ አዳም ረታን ሦስቴ ሞክሬ ሦስቴ ተሸነፍኩ። በየት ልግባ?

መልስ፦ በትልቁ በር ስለገባህ ነው። «መረቅ»ን ወይም «የስንብት ቀለማት»ን ለጊዜው መደርደሪያ ላይ መልሳቸው። በአጫጭሮቹ ጀምር፤ «ማህሌት» ወይም «አለንጋና ምስር»። አዳም ዝርዝር ይወዳል። ሽታ፣ ጓዳ፣ ሰፈር፣ የልጅ ጨዋታ። «ታሪኩ መቼ ነው የሚጀምረው?» እያልክ ከቸኮልክ ያመልጥሃል፤ ዝርዝሩ ራሱ ታሪኩ ነው። አጫጭሮቹ እጅህ ላይ ከላሉ በኋላ «ግራጫ ቃጭሎች»ን አንሳ። መዝገቡ ዱባለ ስለ ራሱ ሲያወራ ይዞህ ይሄዳል። ታሪኮቹን እርስ በርስ የሚያስርበትን መንገድ እሱ ራሱ «ሕጽናዊነት» ይለዋል። ይኼን ለማወቅ አትቸኩል፤ ስታነብ ራሱ ይመጣል።

ጥያቄ፦ «አደፍርስ»ስ? ሁሉም ያደንቃል፣ ማንም አልጨረሰም።

መልስ፦ እኔ ጨርሼዋለሁ፣ ወድጄዋለሁም። የዳኛቸው ወርቁ መጽሐፍ በ1962 ዓ.ም. የወጣ ነው። ለአገልግሎት ደብረ ሲና አካባቢ የመጣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከአገሬው ጋር ይከራከራል። ክርክሩ ብዙ ነው፤ አዋቂዎቹም ተማሪውም አይሸነፉም። ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብበው። በጆሮ የሚገባ መጽሐፍ ነው።

ጥያቄ፦ «ዴርቶጋዳ»ን ነው የማነበው። ጓደኞቼ ይስቁብኛል።

መልስ፦ ይሳቁ። የጣና ገዳም፣ ስለላ፣ ሳይንስ አንድ ላይ ተደባልቀው በ2001 ዓ.ም. ስንቱን ወጣት መጽሐፍ እንዳስያዙ አይተናል። ከሚስቁት መሀል ስንቱ ዘንድሮ አንድ መጽሐፍ እንደጨረሰ ጠይቅልኝ።

ጥያቄ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ልጄ አማርኛ ይሰማል፣ ፊደልም ቆጥሯል፤ ግን ሲያነብ ይንተባተባል፣ ይሰለቻል። ምን ልስጠው?

መልስ፦ እህቴ፣ ጆሮው ከዓይኑ የቀደመ ልጅ ነው ያለሽ። ስለዚህ ጆሮውን ተጠቀሚበት። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከው «ፍቅር እስከ መቃብር» አለ፤ ኢንተርኔት ላይ ታገኚዋለሽ። መጽሐፉን ገልጦ በጣቱ እየተከተለ ይስማ። ወጋየሁ ፊታውራሪ መሸሻን ሲሆን ድምፁ ይኮራል፤ ጉዱ ካሣን ሲሆን ይሽሟጠጣል። ሙሉውን እንዲጨርስ አታስገድጂው። በዛብህ ሰብለ ወንጌልን ማስተማር የጀመረበት አካባቢ ከደረሰ ምናልባት ራሱ ይቀጥላል። ልጁ ገና ትንሽ ከሆነ የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» ይሻላል። አጭር ነው፣ ቤት ይመታል፣ እንስሳቱ ይናገራሉ። አንድ ግጥም በቃሉ ከያዘ ዘመድ ፊት ይበልበት። ጭብጨባ ያደፋፍራል።

ጥያቄ፦ ከሪያድ ነኝ ጋሼ። የሰው ቤት ነው የምሠራው። ማታ ማታ በስልኬ በቴሌግራም የሚለቀቀውን ፒዲኤፍ አነባለሁ። ሌብነት ነው ይሉኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ አንቺን ሌባ የሚል ሰው ሻንጣውን ሞልቶ መጽሐፍ ይላክልሽ። ግን የጠየቅሽኝን አልሸሽም። የቅጂ መብት አዋጁ ቁጥር 410/1996 ለደራሲው ዕድሜውን ሙሉ፣ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት መብት ይሰጣል። ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ነው፤ እንኳን የዛሬው ደራሲ፣ የእሳቸው መጽሐፍ እንኳ ገና በመብት ሥር ነው። የሚያናድደኝ አንቺ አይደለሽም። የትናንት መጽሐፍ ዛሬ ስካን አድርጎ የቻናሉን ተከታይ የሚያበዛው ሰው ነው። ደራሲው የማተሚያ ቤት ዕዳውን ሳይከፍል መጽሐፉ በነጻ ይበተናል። አንዳንድ ደራሲያን በስልክ የሚነበብ ቅጂ በሕጋዊ መንገድ ይሸጣሉ፤ የድምፅ መጽሐፍ መተግበሪያዎችም አሉ። የምትችይውን ከዚያ ግዢ። ለእረፍት ስትመጪ ደግሞ በጣም የወደድሽውን አንዱን በወረቀት ግዢው።

ጥያቄ፦ ከትርጉም አንድ ብቻ ቢሉኝስ? ምርጫው ለእርስዎ።

መልስ፦ ነቢይ መኮንን የመለሰው «ነገም ሌላ ቀን ነው»። የማርጋሬት ሚቸል ልብ ወለድ ነው። ነቢይ በደርግ ዘመን እስር ቤት ሆኖ በሲጋራ ወረቀት ላይ ነው የተረጎመው። ለእስረኞቹ እየተነበበላቸው፣ ወረቀቱ በድብቅ እየወጣ። ይህን ሳታውቅ እንኳ ብታነበው አማርኛው ይጥማል።

ጥያቄ፦ መጽሐፍ ተወደደ። ደመወዝተኛ ምን ያድርግ?

መልስ፦ አሮጌ መጽሐፍ ግዛ። ለገሃርና ብሔራዊ ቴያትር አካባቢ ያሉትን ሻጮች ተወዳጅ። ስምህን ካወቁ ዋጋው ይቀንሳል፤ የምትፈልገውንም ያስቀምጡልሃል። የኪራይ መጽሐፍ ያለባቸው ሰፈሮችም አሉ። አራት ኪሎ ደግሞ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለልህ፤ ቁጭ ብሎ ለማንበብ ሰፊ ነው።

ጥያቄ፦ ቀጥሎ ምን አሰብክ?

መልስ፦ የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «የሕይወቴ ታሪክ»። ከዓድዋ በኋላ በልጅነታቸው ሩሲያ ሄደው መድፈኛ ሆነው የተመለሱ፣ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ፣ በወረራው ዋዜማ ጄኔቭ ላይ ለአገራቸው የተከራከሩ ሰው ናቸው። የመጀመሪያውን የአማርኛ ቴያትርም የጻፉት እሳቸው ናቸው። ምላሳቸው ደግሞ አይምርም፤ የሚያሞግሱትን ያህል ይነቅፋሉ። ጥንዱን ገና አልመረጥኩለትም። ሐሳብ ያለው ይላክልኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ «ትዝታ»ን ስትጨርሰው ታውሰኛለህ?

መልስ፦ አላውስም። ቤቴ መጥተህ አንብብ፤ ቡና አለ።