ልጄ ከሐረጎ ቁልቁለት ሞተሩን አጥፍቶ ይወርዳል፤ የሚያበርደው መድኃኒት አለ?

ጥያቄ፦ ይድረስ ለዶክተር። የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። የ19 ዓመት ልጄ ማታ ማታ ከጓደኞቹ ጋር ወደ ደሴ እየወጣ፣ ከሐረጎ ጀምሮ ማርሹን ዜሮ አድርጎ፣ ሞተሩንም መብራቱንም አጥፍቶ ቁልቁለቱን በሞተር ሳይክል ይወርዳል። ጓደኞቹ በስልክ ይቀርጹታል። ከዘጠኝ ቀን በፊት ወድቆ ለትንሽ ጊዜ ራሱን ስቶ ነበር፤ ነገር ግን በእግሩ ቤት ገብቶ እራቱን በላ። ራሱን ያመዋል እንጂ ደህና ነው። የሰጋሁት ደሙ ሞቃት ስለሆነ በሽታ እንዳይሆንበት ነው። ጎረቤቴ ከምትወስደው ዲያዚፓም ግማሽ ግማሽ ክኒን በሻይ አድርጌ አምስት ቀን ሰጠሁት። በረድ ብሏል፤ እንቅልፍም አብዝቷል። ይቀጥል ወይስ የተሻለ አለ?

መልስ፦ እናቴ፣ የደፋር ደም ከፈሪ ደም አይሞቅም፤ የሁላችንም 37 ዲግሪ ገደማ ነው። «ደሙ ሞቃት ነው» ያሉኝ ሌላውን ቃል ከአፍ ማውጣት ከብዶዎት ይመስለኛል። መጠየቅ የፈለጉት «ልጄ መሞት ይፈልጋል ወይ?» ብለው ነው። እንዲህ የሚያደርጉ ወጣቶች አብዛኞቹ መሞት አይፈልጉም። የሚፈልጉት ከመታጠፊያው በኋላ ሰውነትን የሚያነዝረውን ስሜት ነው፤ ይህን ስሜት የሚሰጣቸው ከኩላሊት በላይ ከተቀመጡት ትናንሽ ዕጢዎች የሚመነጨው አድሬናሊንና አንጎል ራሱ የሚያመርተው ዶፓሚን ነው። ወደዚህ እመለሳለሁ፤ አስቀድሞ ግን «ራሱን ያመዋል እንጂ ደህና ነው» ብለው በአንድ መስመር ያለፉት ነገር አላስቀመጠኝም።

ወድቆ ራሱን የሳተ፣ ከዘጠኝ ቀን በኋላም ራሱን የሚያመውና እንቅልፍ ያበዛ ልጅ ደህና አይባልም። ዛሬውኑ ይመርመር። በእኛ አካባቢ «በእግሩ ከገባ ተርፏል»፣ «ደም ካልፈሰሰው አልተጎዳም» የሚል አነጋገር አለ፤ ይህ አነጋገር ስንት ሰው ሆስፒታል ሳይደርስ እንዳስቀረ ለመቁጠር ይከብደኛል። ከጆሮ በላይ ያለው የራስ ቅል አጥንት ስስ ነው፤ ከሥሩም ደም ቅዳ ያልፋል። አጥንቱ ሲሰነጠቅ ይህ ቧንቧ ሊቀደድና ደሙ በአጥንቱና በአንጎል ሽፋን መካከል ሊጠራቀም ይችላል። ወደ ውጭ አንዲት ጠብታ ላይታይ ይችላል። የተጎዳው ሰው ለጥቂት ደቂቃ ራሱን ስቶ ይነቃል፣ ይነጋገራል፣ ይስቃል፣ እንደ ልጅዎ እራቱን ይበላል፤ ከሰዓታት በኋላ ግን የተጠራቀመው ደም አንጎሉን መጫን ይጀምራል።

ደሴ ውስጥ ተረኛ በነበርኩበት አንድ ሌሊት ጓደኞቹ በባጃጅ ያመጡትን ወጣት እስካሁን አስታውሰዋለሁ። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ከሞተር ወድቆ፣ ልብሱን አራግፎ ተነሥቶ፣ ከእነርሱ ጋር ሻይ ጠጥቶ ተኝቷል። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ሲያመጡት እያንኮራፋ ነበር። ማንኮራፋቱ ከባድ እንቅልፍ ስለመሰላቸው ለሦስት ሰዓት ያህል «ይረፍ» ብለው ብርድ ልብስ ደርበውለታል። የቀኝ ዐይኑን ብሌን በባትሪ ሳበራበት ሰፍታ ቀርታለች፤ አትጠብም። ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ተርፏል፤ ዛሬም ግን የሸሚዙን ቁልፍ በግራ እጁ መቆለፍ ይቸግረዋል። ስለዚህ ራሱን የተመታ ሰው ስትቀሰቅሱት በቀላሉ የማይነቃ ከሆነ፣ እንግዳ በሆነ ድምፅ ካንኮራፋ፣ ደጋግሞ ካስታወከ፣ ከተንተባተበ ወይም አንድ ጎኑ ከደከመ እስኪነጋ አትጠብቁ። ቀስ ብሎ የሚጠራቀም ሌላ ዓይነት ደምም አለ፤ እርሱ ከቀናትና ከሳምንታት በኋላ ምልክት ሊሰጥ ይችላል። በልጅዎ ዕድሜ ብዙም ባይታይም ዘጠኝ ቀን አልፏል ብሎ መዘናጋት አይቻልም።

አሁን ወደ ክኒኑ ልምጣ፤ ትዕግሥቴ ያለቀውም እዚህ ላይ ነው። ዲያዚፓም እንቅልፍ ያበዛል። ከራስ ቅል ውስጥ የሚጠራቀም ደምም እንቅልፍ ያበዛል። እርስዎ በሻዩ ውስጥ ክኒን ስለጨመሩበት ልጁን ያስተኛው የትኛው እንደሆነ እርስዎም፣ የሚመረምረው ሐኪምም መለየት አትችሉም። በዚያ ላይ መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ ከአንድ ቀን በላይ ስለሚቆይ፣ ትናንት ጠዋት የጠጣው ሻይ ዛሬ ማታ ሞተር ላይ ሲወጣ ምላሹን ሊያዘገይበት ይችላል። ሊያድኑት ብለው የወሰዱት እርምጃ መታጠፊያው ላይ ሊጥለው ነበር ማለት ነው። የሰው መድኃኒት፣ ያውም ሳይነገረው! ዛሬ ያቁሙት። ለራስ ምታቱም አስፕሪን፣ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ሳይመረመር አይውሰድ፤ ደም መፍሰስን ሊያባብሱ ይችላሉ።

ቆጣ ብዬ ከሆነ ይቅር ይበሉኝ፤ ከፍርሃት የተነሣ እንዳደረጉት አውቃለሁ። ክፉ እናትም አይደሉም፣ ልጅዎም እብድ አይደለም። አደጋን የሚመዝነውና «ቆይ» የሚለው የአንጎል የፊት ክፍል እስከ 25 ዓመት አካባቢ እየበሰለ ይሄዳል፤ ጓደኛ አጠገብ ሲኖር ደግሞ የወጣት ድፍረት ይጨምራል፤ ስልክ የያዘ ጓደኛ ሲሆንማ አይነሣ። ይህን ጠባይ የሚያጠፋ ክኒን የለም።

ልጁ ግን ቁጥር ሊሰማ ይችላል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር እየበረሩ ከቆመ ተሳቢ ጋር መጋጨት ከ25 ሜትር ከፍታ፣ ማለትም ከስምንት ፎቅ ያህል፣ እንደ መውደቅ ነው። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ከፍታው 600 ሜትር ገደማ ይቀንሳል፤ ማርሹ ዜሮ ሲሆን ሞተሩ ፍጥነቱን ስለማይዘው ሸክሙ ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል፣ ፍሬን ደግሞ ሲግል ይከዳል። ክረምት ላይ ጉሙን ይጨምሩበት። በትክክል የታሰረ ሄልሜት በሞተር አደጋ የመሞትን ዕድል በ40 በመቶ ገደማ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ70 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ ይታወቃል፤ ይህን የምነግርዎ ግን መብራት አጥፍቶ መውረድን ሄልሜት ይፈቅደዋል ለማለት አይደለም። የራስ ምታቱ ጠፍቶ ሐኪም እስኪፈቅድለት ድረስ ጭራሽ ሞተር ላይ አይውጣ፤ ያላገገመ አንጎልን ሁለተኛ ምት ከመጀመሪያው ይበልጥ ሊጎዳው ይችላል። ቁልፉን መደበቅ ካስፈለገም ለእርሱ ነግረው ይደብቁት።

ስለ መሞት የፈሩትን ደግሞ ጓደኞቹ በሌሉበት በቀጥታ ይጠይቁት፦ «ልጄ፣ ብትሞት ግድ የማይሰጥህ ጊዜ አለ?» ጥያቄው ሐሳቡን አይተክልበትም። «አዎ» ካለ፣ ወይም ዝምታው ካስፈራዎ፣ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ በዚያው ቀን ይሂዱ እንጂ ብቻውን አይተዉት። «የለም እማዬ፣ ደስ ስለሚለኝ ነው» ካለም ይመኑት፤ ደስታውን ግን በሌላ መንገድ ይፈልጉለት። የጦሳን ተራራ በእግር መውጣትም ልብ ያስመታል፤ ሲሳሳት ደግሞ የሚጎዳው ቁርጭምጭሚት ነው።

ዛሬ ወደ ሆስፒታል ሲሄዱ የቀረውን ዲያዚፓም ከነማሸጊያው ይያዙ፤ ስንት ጊዜ እንደሰጡትና የመጨረሻው መቼ እንደነበረ ለሐኪሙ ልጅዎ ባለበት ይንገሩ።