መነጽሩ የት ይጠቅማል? ቨርቹዋል ሪያሊቲ በሕክምና፣ በትምህርትና በምርምር፦ ጥያቄና መልስ

ራስ ላይ ስለሚጠለቀው፣ በኮምፒውተር የተሠራ ምናባዊ ዓለም ስለሚያሳየው የቨርቹዋል ሪያሊቲ መነጽር ከሐኪሞች፣ ከመምህራን፣ ከተማሪዎችና ከታካሚ ቤተሰቦች የቀረቡልኝን ጥያቄዎች ከዚህ በታች አንድ በአንድ እመልሳለሁ። ሥራዬ በተሃድሶ ሕክምና ውስጥ እነዚህን መሣሪያዎች እየሞከሩ ለታካሚ የሚሆነውን ከማይሆነው መለየት በመሆኑ፣ ስለ ሕክምናው ረዘም፣ ስለ ሌላው አጠር አድርጌ ብጽፍ አንባቢ ቅር እንዳይለው እጠይቃለሁ። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ይህ ነገር በትልቅ ስክሪን ፊልም ከማየት በምን ይለያል? አዲስ ግኝትስ ነው?

መልስ፦ የሚለየው በስፋቱ አይደለም፤ ምስሉ ከጭንቅላትዎ እንቅስቃሴ ጋር የተቆራኘ በመሆኑ ነው። በመነጽሩ ውስጥ ያሉት ሴንሰሮች ጭንቅላትዎ ወዴት እንደዞረና ምን ያህል እንዳዘነበለ ያለማቋረጥ ይለካሉ፤ ኮምፒውተሩም ከአዲሱ አቅጣጫ የሚታየውን ምስል ለእያንዳንዱ ዓይን ለየብቻ ሠርቶ ያቀርባል። ዘወር ቢሉ ከኋላዎ ያለውን ግድግዳ፣ ጎንበስ ቢሉ የጠረጴዛውን ሥር ያያሉ። ፊልም ተመልካች ሌላ ሰው የመረጠለትን ያያል፤ እዚህ ግን የሚመርጠው የራስዎ አንገት ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አይቫን ሰዘርላንድ የተባለው አሜሪካዊ የኮምፒውተር ሳይንቲስት በ1968 ያቀረበው መሣሪያ የሰው አንገት ሊሸከመው ስለማይችል ከጣሪያ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር የሚሠራው። በ1992 ደግሞ በቺካጎ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በግድግዳዎቹና በወለሉ ላይ ምስል የሚያርፍበትን «ኬቭ» የተባለውን ክፍል ለሕዝብ አሳዩ። አዲሱ ነገር ዋጋው ነው። ለስማርት ስልክ ተብለው በገፍ የተመረቱት ስክሪኖችና ሴንሰሮች ከ2012 ወዲህ መነጽሩን ከጥቂት ቤተ ሙከራዎች አውጥተው ተራ ክፍሎች ውስጥ አስገቡት።

ጥያቄ፦ በቃጠሎ ማዕከል የምሠራ ነርስ ነኝ። ቁስል በሚታጠብበት ጊዜ መነጽሩ ሕመም ይቀንሳል ይባላል። ማዘናጋት ብቻ አይደለምን?

መልስ፦ ዋናው አሠራሩ በእርግጥ ማዘናጋት ነው፤ ይህ ግን ጥቅሙን አያሳንሰውም። ሕመም ከቁስሉ ተነሥቶ በነርቭ የሚጓዝ መልእክት ብቻ ሳይሆን የአእምሮን ትኩረት የሚሻ ነገር ነው፤ ትኩረት ደግሞ ወሰን አለው። እርስዎ ከእኔ በተሻለ እንደሚያውቁት፣ የቃጠሎ ታካሚ አብዝቶ የሚፈራው ፋሻው የሚፈታበትን ሰዓት ነው። የመሣሪያው ትሪ ሲቀርብ ያያል፣ የነርሷን እጅ ይከተላል፣ ከቁስሉ ላይ የተጣበቀው ጨርቅ ሊላቀቅ ሲል ትንፋሹን ይይዛል፤ ሕመሙ ገና ሳይደርስ ሰውነቱ በሙሉ ተወጥሮ ይጠብቀዋል። መነጽሩ ትሪውንም፣ እጁንም፣ ቁስሉንም ከዓይኑ ይጋርዳል፤ በምትካቸውም ሊሠራው የሚገባ ሥራ ይሰጠዋል።

የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲዎቹ ሃንተር ሆፍማንና ዴቪድ ፓተርሰን በሲያትል በሚገኘው በሃርበርቪው የቃጠሎ ማዕከል የተጠቀሙበት «ስኖው ወርልድ» የተባለው ፕሮግራም የተሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ታካሚው በበረዶ ሸለቆ ውስጥ እየተንሳፈፈ የበረዶ ኳስ ይወረውራል። በሙከራዎቹ ታካሚዎቹ መነጽሩን ባደረጉበት ጊዜ የተሰማቸው ሕመም ካላደረጉበት ጊዜ ያነሰ መሆኑን ተናግረዋል፤ በጤነኛ ፈቃደኞች ላይ በተደረገ የአንጎል ምስል ጥናትም ከሕመም ጋር የተያያዙ የአንጎል ክፍሎች እንቅስቃሴ ቀንሶ ታይቷል። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ በማስታገሻ መድኃኒት ላይ የሚጨመር እንጂ መድኃኒቱን የሚተካ አይደለም። መነጽር አለ ተብሎ የታካሚ ማስታገሻ ሲቀነስ ባይ አጥብቄ እቃወማለሁ።

ጥያቄ፦ ለረጅም ጊዜ የቆየ የወገብ ሕመምስ?

መልስ፦ እርሱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ተዘናግቶ ሊኖር አይችልምና። ለሥር የሰደደ ሕመም የሚሠሩት ፕሮግራሞች ዓላማቸው ማስተማር ነው፦ አተነፋፈስን ማስተካከል፣ ጡንቻን ማላላት፣ ስለ ሕመሙ ያለንን አስተሳሰብ መለወጥ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በኖቬምበር 2021 «ኢዝ ቪአርኤክስ» ለተባለው መሣሪያ ለዚሁ አገልግሎት ፈቃድ ሰጥቷል። መሠረት የሆነው ጥናት 179 ሰዎችን ለ8 ሳምንታት የተከታተለ ሲሆን፣ ሕመማቸው ከ30 በመቶ በላይ የቀነሰላቸው በመሣሪያው ከተጠቀሙት 66 በመቶ፣ ከንጽጽር ቡድኑ ደግሞ 41 በመቶ ነበሩ። ሁለተኛውን ቁጥር እንዳያልፉት እለምናለሁ። የንጽጽር ቡድኑም መነጽር አድርጎ ተራ ጠፍጣፋ ምስል ያየ ነበር፤ ከእነርሱም ብዙዎች መሻላቸው ትኩረትና ተስፋ ብቻቸውን ምን ያህል እንደሚሠሩ ያሳያል። የፕሮግራሙ የራሱ ድርሻ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ እርሱም ቢሆን የሚናቅ አይደለም።

ጥያቄ፦ እህቴ ከፍታ ትፈራለች፤ በረንዳ ላይ እንኳ አትወጣም። ጨዋታ በሚመስል ነገር ልትድን ትችላለች?

መልስ፦ በእኔ አስተያየት ቴክኖሎጂው ከማንኛውም መስክ ይልቅ እዚህ ጠንካራ መሠረት አለው። ለእንዲህ ዓይነቱ ፍርሃት የሚሰጠው የታወቀ ሕክምና የሚያስፈራውን ነገር ቀስ በቀስ መጋፈጥ ነው፤ ሐኪሙ ግን ከታካሚው ጋር በየፎቁ ሊወጣ አይችልም። በመነጽሩ ውስጥ ግን ፎቁን ከፍ ማድረግ፣ የመከላከያውን አጥር ማንሣት ወይም ወዲያውኑ ወደ ምድር መመለስ የአንድ ቁልፍ ሥራ ነው። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ባለሙያ ባርባራ ሮትባም ከባልደረቦቿ ጋር በ1995 ለከፍታ ፍርሃት የሞከረችው ይህንኑ ነበር። በ2018 ደግሞ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲው ዳንኤል ፍሪማን ቡድን 100 ሰዎችን ያሳተፈ ጥናት አወጣ፤ ሕክምናውን የሚመራው በመነጽሩ ውስጥ ያለ ምናባዊ አማካሪ ሲሆን፣ ሕክምናውን ያገኙት ሰዎች ፍርሃት በአማካይ በ68 በመቶ ቀነሰ።

ምስጢሩ አእምሮ «ይህ እውነት አይደለም» ብሎ ቢያውቅም ሰውነት አለማመኑ ነው። ጠንካራ ወለል ላይ የቆመ ሰው በመነጽሩ ገደል ሲያይ ጉልበቱ ይላላል፣ መዳፉ ያልበዋል፣ እግሩን ለማንሣት ይቸገራል። ቆይቶ ምንም እንዳልደረሰበት ሲያይ የሚማረው ያው የፈራው ሰውነቱ ነው። እህትዎ የልብ ሕመም ወይም ሌላ ከባድ የጭንቀት ችግር ካለባት ግን በባለሙያ ክትትል ሥር እንጂ ብቻዋን አትጀምረው።

ጥያቄ፦ አባቴን ስትሮክ መትቶት ቀኝ እጁ ደክሟል። ፊዚዮቴራፒውን ትተን በዚህ ብንተካውስ?

መልስ፦ እባክዎ አይተኩት። የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለው ድርጅት በ2017 ያወጣው ግምገማ 72 ጥናቶችን፣ በድምሩም 2470 ተሳታፊዎችን መርምሮ፣ የክንድና የእጅን አገልግሎት በመመለስ ረገድ ቨርቹዋል ሪያሊቲ ከተለመደው ሕክምና እንደማይበልጥ አግኝቷል። የረዳ የመሰለው በተለመደው ሕክምና ላይ ተጨምሮ አጠቃላይ የልምምድ ጊዜውን ሲያሳድገው ነው። ይህም ከዕለት ሥራዬ ጋር ይስማማል፤ የደከመ እጅ የሚያገግመው በድግግሞሽ ነው፣ ድግግሞሽ ደግሞ ያሰለቻል። ባዶ ኩባያ ከመደርደሪያ ማውረድ የሰለቸው ሰው በመነጽሩ ውስጥ ከዛፍ ፍሬ ሲለቅም ክንዱን ሳይቆጥር ይዘረጋል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፤ ታካሚው ፍሬውን ለመድረስ ትከሻውን እያነሣና ወገቡን እያጎነበሰ ክንዱን ሳይዘረጋ ነጥብ ሊያገኝ ይችላል። ማሽኑ ደረሰ ብሎ ይቆጥርለታል፤ የተሳሳተውን እንቅስቃሴ አይቶ የሚያርመው አጠገቡ የቆመው ባለሙያ ነው።

ጥያቄ፦ ለቀዶ ሕክምና ሠልጣኞችስ በእርግጥ ጠቅሟል?

መልስ፦ ጠቅሟል። በ2002 በዬል ዩኒቨርሲቲ 16 ሠልጣኝ ሐኪሞች የተሳተፉበት ጥናት ታትሟል፤ ግማሾቹ የሐሞት ከረጢትን በጠባብ ቀዳዳ ገብቶ የማውጣት ቀዶ ሕክምናን ከመሥራታቸው በፊት በቨርቹዋል ሪያሊቲ ሲሙሌተር፣ ማለትም ሥራውን በሚያስመስል ማሽን፣ ተለማመዱ። የተለማመዱት ከረጢቱን ከጉበት የመለየቱን ሥራ በ29 በመቶ ፈጠኑ፤ ያልተለማመዱት ደግሞ ከረጢቱን የመጉዳት ወይም ሌላ አካል የማቃጠል ዕድላቸው አምስት እጥፍ ሆኖ ተገኘ። በዚያ ጥናት ሥልጠናው ያበቃው በሰዓት ሳይሆን ልምድ ያላቸው ሐኪሞች የሚደርሱበትን ደረጃ በመድረስ መሆኑን ልብ ይበሉ። ሲሙሌተሩን ገዝተው «ሁሉም ሁለት ሰዓት ይቀመጥበት» የሚሉ ማሠልጠኛዎች ጥናቱን ጠቅሰው ዋናውን ነገር ጥለውታል። ደግሞም መነጽሩ እስከ አሁን የሥጋን ልስላሴና የስፌት ክር ውጥረትን ለጣት በሚገባ አያደርስም፤ ስለዚህ የቅደም ተከተልና የዓይንና የእጅ ቅንጅት ልምምድ እንጂ የመዳሰስ ትምህርት አይሰጥም።

ጥያቄ፦ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ ደም ሥር ውስጥ ገብተው ቢያዩ የበለጠ አይማሩም?

መልስ፦ የበለጠ ይደሰታሉ፤ ይህ እርግጥ ነው። የበለጠ ስለ መማራቸው ግን ማስረጃው ብዙዎቻችን ከምንመኘው የተለየ ነው። በ2018 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በሳንታ ባርባራ ፓሮንግና ሜየር ስለ ሰውነት ሕዋሳት የሚያስረዳ የቨርቹዋል ሪያሊቲ ትምህርትን በኮምፒውተር ስላይድ ከቀረበ ተመሳሳይ ትምህርት ጋር አነጻጽረው ነበር። መነጽሩን ያደረጉት ፍላጎታቸው ከፍ ያለ መሆኑን ገለጹ፤ በፈተናው የበለጡት ግን ስላይዱን ያዩት ናቸው። የማክራንስኪ ቡድን በ2019 ያሳተመው የምናባዊ ቤተ ሙከራ ጥናትም ወደዚሁ ያዘነብላል፤ በቦታው የመገኘት ስሜት ጨመረ፣ ትምህርቱ ግን ቀነሰ። ዓይን በየአቅጣጫው በሚጠራበት ሥፍራ ለማሰብ የሚተርፈው አቅም ጥቂት ነው።

ይህ ማለት መነጽሩን ይጣሉት ማለት አይደለም። የፓሮንግና የሜየር ጥናት ሁለተኛ ክፍል መፍትሔውንም ያሳያል፤ ትምህርቱን በአጫጭር ክፍሎች ከፍለው በየመሃሉ ያዩትን በጽሑፍ እንዲያጠቃልሉ ያደረጓቸው ተማሪዎች የተሻለ ውጤት አምጥተዋል። ስለዚህ አስቀድመው ስሞቹንና ቅርጾቹን በሰሌዳ ያስተምሩ፣ መነጽሩን ለጥቂት ደቂቃዎች ይስጡ፣ አውልቀው እንዲጽፉ ያድርጉ። ስፋትን፣ ጥልቀትንና የአካላትን አቀማመጥ በሚመለከት ትምህርት፣ ለምሳሌ የልብ ክፍሎች እርስ በርስ እንዴት እንደሚያያዙ ለማሳየት ይጠቀሙበት፤ በአንድ ሥዕል ለሚገባ ነገር ግን ሥዕሉ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ተመራማሪዎችስ ምን ይፈልጉበታል?

መልስ፦ ሁኔታን መቆጣጠር። በ2006 ሜል ስሌተርና ባልደረቦቹ ሰውን በኤሌክትሪክ ንዝረት የመቅጣት ትእዛዝን የተመለከተውን የታወቀውን የሚልግራም ሙከራ በምናባዊ ሴት ላይ ደገሙት፤ ተሳታፊዎቹ ሴትዮዋ እውነተኛ አለመሆኗን እያወቁ ተጨነቁ፣ ልባቸውም ፈጥኖ መታ። በእውነተኛ ሰው ላይ ዛሬ ሊፈቀድ የማይችል ጥናት በዚህ መንገድ ተቻለ።

ሆኖም በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲው የማያንክ ሜህታ ቡድን በአይጦች ላይ ያገኘውን ሳልጠቅስ አላልፍም። በምናባዊ ክፍል ውስጥ የሚሄዱ አይጦች ቦታን በሚለየው ሂፖካምፐስ በተባለው የአንጎል ክፍል ካሏቸው የነርቭ ሴሎች 60 በመቶ ያህሉ ሥራቸውን አቆሙ። እንስሳው በእግሩ ቢራመድም ሰውነቱ ከቦታው አይንቀሳቀስምና፣ ለዓይን የተሟላ መስሎ የሚታየው ዓለም ለአንጎል የተሟላ እንዳልሆነ ያስረዳል። በመነጽር የተገኘን ውጤት ሁሉ በቀጥታ ወደ እውነተኛው ዓለም ለሚያሻግሩ ሰዎች ይህ ብርቱ ማሳሰቢያ ነው።

ጥያቄ፦ ሳደርገው ያጥወለውለኛል። ለምን?

መልስ፦ ዓይንዎ «እየሄድኩ ነው» ሲል በውስጥ ጆሮ ያለው የሚዛን አካል «ተቀምጠሃል» ስለሚል ነው። ምስሉ ከጭንቅላትዎ እንቅስቃሴ ከ20 ሚሊሰከንድ በላይ ሲዘገይም ይብሳል። መኪና የሚያስነዳ ወይም ሐዲድ ላይ የሚያበር ፕሮግራም ትተው በራስዎ እግር ብቻ የሚንቀሳቀሱበትን ይምረጡ። በሁለቱ ሌንሶች መካከል ያለውን ርቀትም ያስተካክሉ፤ በዐዋቂዎች ብሌኖች መካከል ያለው ርቀት በአማካይ 63 ሚሊሜትር ያህል ቢሆንም ከሰው ሰው ይለያያል። ማዛጋት፣ ቀዝቃዛ ላብ ወይም የፊት መገርጣት እንደታየ ወዲያው ያውልቁት። እንደምንም ብሎ መቀጠል አያለማምድም፣ ለሰዓታት ያሳምማል እንጂ። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ያማክር።

ጥያቄ፦ ከስንት ዓመት ጀምሮ ለልጅ ይፈቀዳል?

መልስ፦ ሜታ የተባለው ኩባንያ በ2023 ዝቅተኛውን ዕድሜ ከ13 ወደ 10 ዝቅ አድርጎታል፤ የሶኒ 12 ነው። እነዚህ የኩባንያ ውሳኔዎች እንጂ የሕክምና ድንበሮች አይደሉም። እንዲያውም በ2021 በአሜሪካ ፈቃድ ያገኘው «ሉሚኖፒያ ዋን» የተባለው በመነጽር የሚሰጥ ሕክምና ሲፈቀድ የታሰበው አንድ ዓይናቸው ለደከመ ከ4 እስከ 7 ዓመት ላሉ ሕፃናት ነበር። ልዩነቱ ይህኛው በሐኪም ትእዛዝና በተወሰነ ሰዓት የሚሰጥ መሆኑ ነው። ለመዝናኛ ከሆነ አጭር ጊዜ፣ ዐዋቂ አጠገቡ ተቀምጦ።

ጥያቄ፦ የታካሚ ምስጢር ይጠበቃል?

መልስ፦ የታካሚውን ስም ከመዝገቡ ላይ መሰረዝ ብቻ በቂ አይደለም። በ2020 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች የጭንቅላትና የእጅ እንቅስቃሴን ከአምስት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ብቻ በመመዝገብ ከ511 ሰዎች መካከል ማን ማን እንደሆነ በ95 በመቶ ትክክለኛነት ለይተዋል። የሰው አካሄድና የእጅ አነሣስ እንደ ጣት አሻራ ነው፤ የመንቀጥቀጥ ሕመም ወይም የእንቅስቃሴ መዘግየት ካለበት ደግሞ ሕመሙም ከዚያው መዝገብ ላይ ሊነበብ ይችላል። ስለዚህ የእንቅስቃሴው መረጃ የት እንደሚከማች፣ ማን እንደሚያየውና መቼ እንደሚጠፋ በጽሑፍ ሳይመለስ ማንኛውም የሕክምና ተቋም መሣሪያውን ባይቀበል እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ ታካሚዎች እየተፈራረቁ ሲጠቀሙበት እንዴት ይጸዳል?

መልስ፦ ፊት ላይ የሚያርፈውን ስፖንጅ በሚጠረግ የሲሊኮን ሽፋን ይተኩት፤ ከእያንዳንዱ ታካሚ በኋላም ሽፋኑን፣ ማሰሪያውንና በእጅ የሚያዙትን መቆጣጠሪያዎች በፀረ ተሕዋስያን መጥረጊያ ያጽዱ። ሌንሱን ግን አልኮል አያስነኩት፤ ሽፋኑን ያበላሸዋል፣ ደረቅና ለስላሳ የመነጽር ጨርቅ ይበቃዋል። ክፍት ቁስል ፊቱ ላይ ያለበት ታካሚ ካለ መነጽሩ ከፊት ሳይነካ በክንድ ተይዞ የሚቆምበት ማቆሚያ ያስፈልጋል፤ በቃጠሎ ክፍል ለምትሠራዋ ጠያቂዬም ይህን አስቀድማ እንድታዘጋጅ እመክራለሁ። ሲያስቀምጡትም ሌንሱን ከመስኮት ያርቁት፤ በሌንሱ በኩል የሚገባ የፀሐይ ብርሃን በአጭር ጊዜ ውስጥ ስክሪኑን ያቃጥለዋል።