«ይለምዱታል»

ሰሞኑን አንድ ሥራ የጀመረ ልጅ «ጋሼ፣ ሰው የለመደውን አፕ ለምንድን ነው የምትቀያይሩበት?» ብሎ ጠየቀኝ። ስቄ አለፍኩት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ከብዙ ዓመት በፊት አንድ የሂሳብ ክፍል የሚሠራበትን ፕሮግራም እንደ አዲስ ዲዛይን አድርጌ ነበር። አሮጌው ግራጫና አስቀያሚ ነበር። እኔ አሳመርኩት። «መዝግብ» ዋናው ነው ብዬ ከታች ጥግ ወደ ላይ አወጣሁት፤ «ሰርዝ»ን ከላይ አውርጄ በእሱ ቦታ አስቀመጥኩ። ሥራ ላይ በዋለ ቀን ምስጋና ልቀበል ሄድኩ። አንዲት በዕድሜ የገፉ ሠራተኛ ስክሪኑን አያዩም። ዓይናቸው ደረሰኙ ላይ፣ እጃቸው ማውሱ ላይ። ሞሉ፣ ሞሉና የለመዱት ጥግ ሄደው ተጫኑ። የግማሽ ሰዓት ሥራ ብን አለ። አልጮኹም። መነጽራቸውን አውልቀው «ልጄ፣ እጄ እኮ ያውቀው ነበር» አሉኝ።

እኔስ ምን አልኩ? «ይለምዱታል።»

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ቀይርልን ያለን ተጠቃሚ አልነበረም። አዲስ አለቃ መጥቶ ዓይን የሚሞላ ሥራ ፈለገ፣ እኔም ችሎታዬን ማሳየት አማረኝ። ትልልቆቹም ከዚህ አያመልጡም። እ.ኤ.አ. በ2012 ዊንዶውስ 8 ሲወጣ ፕሮግራም የሚከፈትበት የስታርት ቁልፍ ከጥጉ ጠፋ። ሰው አምርሮ ተቆጣ። በዓመቱ በ8.1 ቁልፉን መለሱት፤ የድሮው ዓይነት ሜኑ ግን የተመለሰው በ2015ቱ ዊንዶውስ 10 ነው። በ2018 ስናፕቻት መልኩን ሲቀይር ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው «መልሱልን» ብሎ ፈርሟል።

አትንኩ ማለቴ ግን አይደለም። ፌስቡክ በ2006 ኒውስ ፊድን፣ የወዳጆችን አዳዲስ ነገር በአንድ ገጽ የሚደረድረውን፣ ሲያመጣ ተጠቃሚው ግልብጥ ብሎ ተቃወመ። ዛሬ ያለ እሱ ፌስቡክ የሚታየው ማን ነው? ያው እኔም ዞሬ «ይለምዱታል» ልል ነው መሰል።

እናንተ የዛሬ ዲዛይነሮች ደግሞ ቁጥር ትወዳላችሁ። ስንት ሰው ቁልፉን እንደተጫነ ዳሽቦርድ (የቁጥር ማሳያ ገጽ) ላይ ታያላችሁ፤ ተሳስቶ የተጫነውንም እንደወደደው ትቆጥሩታላችሁ። ፈትሹ ምናምን አልላችሁም፣ ታውቁታላችሁ። አንድ ቀን ግን ከሚሠራበት ሰው አጠገብ ቁጭ በሉ። ስክሪኑን ተዉት፤ እጁን እዩ።

እኔማ ጸጸቱ አላስቀምጥ ብሎኝ በሳምንቱ ቁልፎቹን ወደ ቦታቸው መለስኩ። ሴትዮዋ ለካ አዲሱን ለምደውት ኖሯል። ላይ ያለውን ሲጫኑ ሥራቸው እንደገና ጠፋ።

የጮኹብኝ ያኔ ነው።