በርጩማን ገልብጦ መግዛት፦ ስለ ጥንታዊ፣ ስላገለገሉና ስለ አዳዲስ በርጩማዎች ጥያቄና መልስ

ከድሬዳዋና ከሐረር ስለ በርጩማ አመራረጥ የቀረቡልኝን ጥያቄዎች ሰብስቤ እንደሚከተለው መልሻለሁ። ሥራዬ አሮጌ የእንጨት ዕቃ መጠገን ነውና መልሴ ከውበቱ ይልቅ ወደ ጥንካሬው ቢያደላ አትፍረዱብኝ።

ጥያቄ (ከድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር)፦ አንዱ «ጥንታዊ»፣ ሌላው «ቪንቴጅ» እያለ ዋጋ ይቆልላል። ልዩነቱ ምንድን ነው? ለቤቴስ የትኛው ይሻለኛል?

መልስ፦ በንግዱ ልማድ ጥንታዊ የሚባለው 100 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነው ዕቃ ሲሆን፣ ቪንቴጅ የሚሉት ደግሞ ዕድሜው ከዚያ ያነሰ ሆኖ የአንድ ዘመን አሠራር በግልጽ የሚነበብበትን ነው። ሻጩ «የአያቶቼ ነው» ስላለ ብቻ ዕቃው 100 ዓመት አይሞላውም። በየዕለቱ ለሚቀመጡበት አዲስ ወይም በደንብ የተጠገነ ያገለገለ በርጩማ ይግዙ፤ ጥንታዊውን ሕፃናት በማይንጠለጠሉበት ጥግ ያኑሩት።

ጥያቄ (ከሐረር)፦ ፈረስ መጋላ አካባቢ አንድ ሻጭ ጥቁር፣ ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ አሳይቶኝ «የአባ ጅፋር ዘመን ነው» አለኝ። እንዴት አረጋግጣለሁ?

መልስ፦ ዳግማዊ አባ ጅፋር የገዙት እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ስለሆነ፣ ሻጩ ቢያንስ የ90 ዓመት ዕድሜ እየሸጠልዎት ነውና ማስረጃ መጠየቅ መብትዎ ነው። መጀመሪያ በርጩማውን ይገልብጡት። የጅማ በርጩማ መቀመጫውና እግሮቹ ከአንድ ግንድ ተፈልፍለው የሚወጡ ስለሆኑ፣ እግሩ ከመቀመጫው ጋር በሚገናኝበት ቦታ የኮላ ወይም የብሎን ምልክት ካዩ በዚያ ስም የሚሸጥ ዕቃ አይደለም፤ ወይም እግሩ ተሰብሮ የተተካ ነው። ቀጥሎ ሆዱን ይመልከቱ። የሰው ልብስና እጅ የሚነካው ላዩን ስለሆነ፣ እውነተኛ አሮጌ በርጩማ ከላይ ለስልሶ ሲያበራ ከሥር ደረቅና ደብዛዛ ሆኖ ይቀራል፤ የመሮው ምት ወጣ ገባ ሆኖ በጣት ይዳሰሳል። ከላይም ከታችም እኩል ጥቁርና እኩል አንጸባራቂ ከሆነ ቀለም ተቀብቷል። በነጭ ጨርቅ ላይ ጥቂት ዘይት አድርገው ሥሩን ጠንከር አድርገው ይሹት፤ የጫማ ቀለም ከሆነ ጨርቁን ያጠቁረዋል፣ ሽታውም ራሱን ያጋልጣል። የማድቤት ጥላሸት ግን በቅርጹ ስርጉድ ውስጥ ተጋግሮ፣ እጅ በሚበዛበት ጠርዝ ላይ ደግሞ ተፍቆ ይገኛል። የእግሮቹ ጫፍ በሰያፍ ተበልቶ ካልተዶለዶለ፣ ወለል ላይ ብዙ አልተጎተተም ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ፈተና ቢወድቅም እንጨቱ ደህና ዋንዛ ከሆነ አይናቁት፤ የአዲስ ዋጋ ከፍለው ይውሰዱት። እኔ የምቃወመው ማጥቆሩን ሳይሆን ለጥቁረቱ የሚጠየቀውን ገንዘብ ነው።

ጥያቄ (ከድሬዳዋ)፦ ከጅማ ያስመጣሁት አዲስ በርጩማ በጥቂት ወራት ውስጥ ከመሐል እስከ ጠርዝ ተሰነጠቀ። ሠሪው አታሎኝ ይሆን?

መልስ፦ የግድ አይደለም። ጅማ ዝናባማ አገር ነው፤ ድሬዳዋ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ላይ ያለች፣ ሙቀቷ እንጨትን ውኃውን የምታስተፋ ከተማ ናት። እንጨት ሲደርቅ በቀለበቶቹ ዙሪያ የሚሸማቀቀው ከእምብርቱ ወደ ቅርፊቱ ከሚሸማቀቀው በግምት እጥፍ ስለሆነ፣ የግንዱ እምብርት መቀመጫው ውስጥ ከቀረ ስንጥቁ ከዚያ ተነሥቶ ወደ ጠርዝ ይሮጣል። ስለዚህ ሲገዙ የቀለበቶቹን መሐል ይፈልጉ፤ መቀመጫው ላይ ካገኙት ሌላ ይምረጡ። አዲስ የመጣውን ደግሞ ከፀሐይና ከማራገቢያ አርቀው፣ በጨርቅ ጠቅልለው ለጥቂት ሳምንታት ቀስ ብሎ እንዲደርቅ ያድርጉ። ዘይት ወይም ቫርኒሽ ሲቀቡት ከሥሩም ይቀቡት፤ ላዩ ብቻ ከተዘጋ አደራረቁ ይዛባል።

የእርስዎን በተመለከተ፣ ስንጥቁን በኮላና በመጋዝ ዱቄት ለመድፈን አይቸኩሉ። የስንጥቁን ጫፍ በእርሳስ ምልክት አድርገው ለጥቂት ወራት ይከታተሉት፤ ምልክቱን ማለፍ ሲያቆም ይደፈናል። ወደ እግሩ ከወረደ ግን አይቀመጡበት።

ጥያቄ፦ ሦስት እግር ወይስ አራት?

መልስ፦ ወለልዎ ወጣ ገባ ከሆነ ሦስት፤ ሦስት ነጥብ ምንጊዜም ያርፋል፣ አይወዛወዝም። አዛውንት ወይም ሕፃን የሚቀመጥበት ከሆነ አራት፤ ባለ ሦስቱ በሁለት እግሮቹ መካከል ባለው በኩል ክብደት ሲያርፍበት በቀላሉ ይገለበጣል።

ጥያቄ (ከድሬዳዋ)፦ ለማድቤቴ መደርደሪያ ከፍ ያለ ባለ ብረት በርጩማ ላሠራ ነው። ቁመቱ ስንት ይሁን?

መልስ፦ ከመቀመጫው እስከ ጠረጴዛው ፊት ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይተዉ። 75 ሳንቲ ሜትር ለሆነ የምግብ ጠረጴዛ 45፣ 90 ለሆነ የማድቤት መደርደሪያ ከ60 እስከ 65፣ 105 ለሆነ ባንኮኒ 75 ያህል ይስማማል። ስፖንጅ ከኖረው ሰው ሲቀመጥበት የሚጨመቀውን ያስቡ። ለአንድ ሰው ወደ ጎን 60 ሳንቲ ሜትር ይመድቡ። ቱቦላሬውን የሚበይደው ባለሙያ እግር ማሳረፊያውን ሳይሠራ፣ የእግሮቹንም አፍ በጎማ ሳይደፍን እንዳያስረክብዎት።

ጥያቄ (ከጀጎል ውስጥ)፦ የምንኖረው በጥንቱ የሐረሪ ቤት ነው። ግድር ጋሩ (ዋናው የእንግዳ መቀበያ ክፍል) ውስጥ ምን ዓይነት በርጩማ ያምራል?

መልስ፦ እኅቴ፣ ቤትዎ በርጩማን ቀድሞ የተካ ቤት ነው። ነደባዎቹ በከፍታና በማዕረግ የተሰናዱ መቀመጫዎች ናቸው፤ አሚር ነደባ የቤቱ ባለቤት ስፍራ መሆኑን እርስዎ ከእኔ ይበልጥ ያውቃሉ። ረጃጅም በርጩማ መሐል ላይ ካቆሙ ነደባ ላይ የተቀመጠውን እንግዳ ይጋርዳል፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውንም ስፌት ይሸፍናል። ቡና ለምታፈላዋ አንድ ዝቅ ያለ፣ ከ25 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ፣ የእግሩ ጫፍ ሰፋ ያለ በርጩማ ይበቃል። እኔ ብሆን ሁለተኛ አልጨምርም።

ጥያቄ (ከድሬዳዋ)፦ «የባቡር ጣቢያው ነው» ተብሎ የሚሸጥ በርጩማ አጋጠመኝ። ልመን?

መልስ፦ ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ስለሆነ ጥንታዊ ዕቃ መገኘቱ አይገርምም፤ ነገር ግን ማኅተም የሌለው ዕቃ ወሬ ብቻ ነው። ማኅተሙ የፍራንኮ ኢትዮጵያ ኩባንያ ከሆነ ቀደም ያለ ነው፤ የጅቡቲ ኢትዮጵያ የሚል ከሆነ ግን ጅቡቲ እ.ኤ.አ. በ1977 ነጻ ከወጣች በኋላ የመጣ ነው። ብሎኖቹንም ይመልከቱ፤ መስቀለኛ አናት ያለው ብሎን ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ነው። በድሮ ዕቃ ላይ ከተገኘ ወይ ዕድሜው ተጋንኗል ወይ ተጠግኗል።

ጥያቄ፦ የገዛሁት አሮጌ በርጩማ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉበት። ነቀዙ በሕይወት አለ?

መልስ፦ ጥቁር ወረቀት ላይ አቁመው በእጅዎ ቀስ ብለው ይምቱትና ለጥቂት ቀናት እዚያው ይተዉት። አዲስ፣ ነጣ ያለ ዱቄት ከወረደ አለ። እስኪታከም ድረስ በፕላስቲክ አሽገው ከሌላው የእንጨት ዕቃ ይለዩት። ዱቄት ካልወረደና ቀዳዳው ውስጡ የጠቆረ ከሆነ ግን ያለፈ ታሪክ ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም እግሩን በጥፍርዎ ጫን ብለው ይሞክሩት፣ ከሰመጠ አይቀመጡበት።

ጥያቄ፦ የፕላስቲክ በርጩማ ለግቢ ይሆናል?

መልስ፦ ጥላ ካለ ይሆናል። ፀሐይ ላይ የዋለ ፕላስቲክ ነጥቶ ይደርቅና ሳይታሰብ ይሰበራል።

ጥያቄ (ከሐረር)፦ ውጭ አገር ላለች እኅቴ አሮጌ በርጩማ መላክ እችላለሁ?

መልስ፦ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። ስለዚህ ያረጀ የሚመስለውን ሁሉ አስቀድመው ለቅርስ ባለሥልጣን አሳይተው ማረጋገጫ ይያዙ። ሰው ሠራሽ እርጅና የተቀባውም ቢሆን አየር ማረፊያ ላይ ያስጠይቅዎታልና፣ አዲስ መሆኑን የሚገልጽ ደረሰኝ ከሻጩ ይቀበሉ።