ፀረ እንግዳ አካሉ ቢቀንስም ትውስታው አለ

እህቴ፣ «ከኮሮና ካገገምኩ ስምንት ወሬ ነው፤ የደም ምርመራው ፀረ እንግዳ አካልሽ ቀንሷል አለኝ፤ መከላከያዬ አለቀ ማለት ነው?» ብለሻል። አይዞሽ፣ አላለቀም።

ከበሽታው በኋላ መቀነሱ ያለ ነው። ያ ምርመራ የሚያየው ደም ውስጥ ያለውን ፀረ እንግዳ አካል፣ ማለትም ቫይረሱን የሚይዘውን ፕሮቲን ብቻ ነው። ቫይረሱን የሚያስታውሱት ህዋሶች ግን ጣፊያና ንፍፊት ውስጥም አድፍጠው ይቆያሉ። እንዲያውም በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት፣ ቢ የሚባሉት አስታዋሽ ህዋሶች ከአንደኛው ወር ይልቅ በስድስተኛው ወር በዝተው አግኝቷቸዋል። እኔን በጣም የገረመኝ ደግሞ ሌላ ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. በሳርስ (የኮሮና ዘመድ በሆነ ቫይረስ በሚመጣ በሽታ) ከታመሙ ሰዎች የተወሰዱ፣ ቲ የሚባሉ አስታዋሽ ህዋሶች ከ17 ዓመት በኋላም ያንን ቫይረስ ለይተውታል!

እናቴን እዚህ ኮዬ ፈጬ መጀመሪያ ሲይዛት፣ አራተኛ ፎቅ ለመውጣት በየፎቁ ደረጃው ላይ ቁጭ ትል ነበር። ሁለተኛው በጉሮሮ ህመም አለፈላት። የአንድ ሰው ነገር ማስረጃ አይሆንም፤ ግን ከሚታወቀው ጋር ይገጥማል። አስታዋሾቹ ለመባዛት ጥቂት ቀን ይፈልጋሉ። ስለዚህ ድጋሚ መያዝ አለ፤ በደንብ የሚከላከሉት ከባዱን ህመም ነው።

ስኳር ወይም ደም ግፊት ካለብሽ ስለ ክትባቱ ሐኪምሽን አማክሪ።